ያዞረዋል ያልኩ ዕለት

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 12

ውድ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

እንደምን ሰነበትክ? የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ያ ብርድ ቀነሰልህ? የላክሁልህን ጓንት ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ አባትህ «እጄ ለምዶታል» እያልክ ኪስህ ውስጥ ከተኸው ትውላለህ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ አባትህ አሁን በወዲያኛው ክፍል ሬዲዮ ከፍቶ ከዜና አንባቢው ጋር እየተጨቃጨቀ ስለሆነ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። እኔ ግን ከመደንገጥ ብዛት አሁን በር ሲንኳኳ እንኳ ከወንበሬ እዘላለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ሳይገባህ አይቀርም። አባትህ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ካላደረገ ያወራ አይመስለውም። አጠገቤ ተለጥፎ ይቀመጥና አንተ «አባዬ እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «እንደ ፈረስ ነኝ!» ብሎ ይመልስልሃል። ደብዳቤ ጻፊለት ያለኝም እሱ ራሱ ነው፤ ለምን እንዳለኝ ኋላ እደርስበታለሁ። ፊደል ላይ ካፈጠጠ ስለሚያመው የጻፍኩትን አያነብብኝም። እናም ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ካንተ ጋር ብቻዬን ላወራ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንገቱ ላይ ነው። ከራስ ቅሉ ሥር ተነስቶ ወደ ቀኝ ትከሻው የሚወርድ ሕመም። መጀመሪያ ትራሱን ከሰሰ። አዲስ ትራስ ገዛሁለት፤ ወፈረ አለ። አሮጌውን መለስኩለት፤ ሳሳ አለ። ያለ ትራስም ተኝቶ አየው፤ በመጨረሻ ትራሱ ነጻ ወጣና ጥፋቱ ወደ ፍራሹ ዞረ። እኔ እየሳቅሁበት ነበር። ሥራውን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ካቢኑ ውስጥ አብረኸው ተቀምጠሃል። ለኔ ክሬን ማለት ሩቅ የቆመ ብረት ነበር። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በጉልበቶቹ መሃል፣ በመስታወቱ ወለል በኩል፣ ቁልቁል መንጠቆውን እያየ እንደሚውል፣ ስንት ዘመን እንደዚያ ጎብጦ እንደኖረ አስቤው አላውቅም።

ከዚያ ማዞሩ መጣ። አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ወጥቶ ግድግዳውን በሁለት እጁ ደግፎ ቆሞ አገኘሁት።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ቀለሙ ሊላጥ ነው መሰለኝ፤ እያየሁት ነው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያየው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ሰላይ ሆንኩ። ጫማውን ጎንበስ ብሎ ማሰር ትቶ እግሩን ወንበር ላይ እያወጣ ማሰር ጀመረ። ከኋላው ስጠራው አንገቱን ብቻ መመለስ ትቶ እንደ ቁም ሳጥን ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ይዞራል። አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ሲገላበጥ አንሶላውን ጨምድዶ ይይዛል። አንድ ቀን «ይሄ ነገር ያዞርሃል አይደል?» አልኩት። እንደዚያ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

«ስሚ፣ ክሬን ላይ የሚሠራ ሰው አዞረኝ ካለ አለቀለት። ይቺን ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማት።»

እና በቤታችን ቃሏ ተከለከለች። እኔ ግን ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት አወጣኋት። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ የደም ግፊት ይሆናል አለኝ። የመጋረጃ ሱቁ አለቃዬ መነጽር ነው የሚያስፈልገው አለች፤ እሷ ራሷ አዲስ መነጽር ስላደረገች ዓለም ሁሉ መነጽር የጎደለው ይመስላታል። የደም ማነስ ነው ያለኝም፣ ብርድ መትቶት ነው ያለኝም አለ። ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ደግሞ «የኔም ባል እንዲህ እንዲህ ሲለው ነበር» ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ወሬ ቀየረች። ባሏ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሞተ ታውቃለህ። ያን ቀን ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውሰውም።

በመጨረሻ ሕመሙ ሲጠናበት ፈቃድ ጠየቀ። ለሥራ ቦታው የተናገረው ግን ግማሹን ነው፤ «አንገቴን ጨምድዶ ይዞኛል፣ ማዞር አልቻልኩም» አለ። ሌላኛውን ማዞር ዋጠው። ቤት ዋለ፣ ጋለል አለ፣ ተናደደ፣ ቅባት ተቀባ።

አሁን የምነግርህን ነገር ለማንም ብነግር ይስቃል። እኔ ግን እስካሁን አልሳቅሁም። አባትህ ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቶ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ፎርማኑ ነበር፤ ያ አንተም ሳትቀር «ቶሎቶሎ» የምትለው። ከኋላው ማሽኑ ይጮሃል፣ ብረት ይንኳኳል፣ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ቆርጬ ነበር። አባትህ ይቆጣ፣ ያኩርፍ፣ ከፈለገ ቤት ጥሎ ይሂድ፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ወድቆ ከማይ እውነቱን ልናገር ብዬ ነበር።

«ሰውዬሽ እንዴት ነው? አንገቱስ? ያዞረዋል?» አለኝ።

ይኸው ራሱ ጠየቀኝ፣ ማን ነገረው ብዬ ልቤ ዘለለች። «ያዞረዋል!» አልኩት።

«ደህና አድርጎ?»

«ኧረ በደንብ አድርጎ!»

«በሁለቱም በኩል?»

«በቀኝም ያዞረዋል፣ በግራም ያዞረዋል። ቀና ሲልም ያዞረዋል፣ ሲያጎነብስም ያዞረዋል!»

«ተመስገን! በይ እንግዲያው ነገ በጠዋት ይምጣ። ቶሎ በይው፣ ሥራው ቆሞ እሱን እየጠበቀ ነው።» ዘጋው።

ይሄ ሰው አረመኔ ነው ወይስ ምን ነው አልኩ። እንደታመመ ነግሬው ተመስገን ይለኛል? አንገት ማለቱ መሆኑ፣ «አንገቱን ማዞር ቻለ ወይ?» እያለኝ መሆኑ ጭራሽ አልመጣልኝም። ያቺ ቃል በኔ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ትርጉም ብቻ ነበራት፤ ተከልክላ የከረመችውን። ቶሎቶሎ እንደሌሎቹ ሠራተኞች አባትህን ጋሼ ብሎ አንቱ ቢለው ኖሮ «ያዞሩታል?» ይለኝ ነበር፣ እኔም «ያዞራቸዋል» እለው ነበር፣ ሁላችንም እንድን ነበር። አብረው ያደጉ ጓደኞች ሆኑና አንተ ተባባሉ። በዚች የተነሳ ሰው ሊሞት ነበር እልሃለሁ።

አባትህ ሲመለስ መልእክቱን ነገርኩት። ፊቱ በራ። እኔ ምን ብዬ ልከልክለው? አለቃው እያወቀ ነው የጠራው ብያለሁ፤ እነሱ ይሄን ነገር ከኔ ይበልጥ ያውቁት ይሆናል፣ ቀለል ያለ ሥራ ሊሰጡት ይሆናል እያልኩ ራሴን ደለልኩ። በማግስቱ በጠዋት ተነስቶ ሄደ።

ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ የመስኮት መከለያ ልትገዛ መጥታ በጎኑ ያለውን ዘንግ ይዛ «ይሄን ባሌ ነው የሚከፍተው፤ ጉልበት የለውም፣ ያዞረዋል?» አለችኝ። «ያዞረዋል፣ ምን ችግር አለው፣ ልስልስ ያለ ነው» አልኳት። አልኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። የትናንቱ ስልክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። ሴትዮዋ «ምነው፣ አመመዎት?» ስትለኝ ጨርቅ የምቆርጥበትን መቀስ እንደያዝኩ ነው የወጣሁት። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ የሚሸሸኝ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነው።

ሥራ ቦታው በር ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ። ክሬኑ ቆሟል። የታሰረ የብረት ክምር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ሥሩ ሰዎች ቆመው ቀና ብለው ያያሉ። ቶሎቶሎ ሬዲዮውን አፉ ላይ ለጥፎ «አውርደው! ምን ሆነሃል? ቶሎ በል እንጂ! ሬዲዮህ ተበላሽቷል?» እያለ ይጮሃል። ዘበኛውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩትና «ሬዲዮው አይደለም! ራሱን ነው የሚያዞረው! አንገቱን አይደለም ያልኩህ፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ይደፋዋል!» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሰዎቹን ከሥሩ አስነሳቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁ። ሬዲዮውን ለምልክት ሰጪው ሰጠው። ምልክት ሰጪው ቀስ ብሎ «ጋሼ፣ ይሰሙኛል? አይጣደፉ» አለ። ዝም። ደግሞ ጠራው። ዝም። እኔ እዚያ ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ረሳሁ፤ «አባቴ፣ አባቴ» ብቻ እል ነበር፤ ማንን እንደምጠራ እንኳ አላውቅም።

ከዚያ የአባትህ ድምፅ መጣ። «አትጩሁብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያለሁት። ከገለጥኩ ሁሉ ነገር ይሽከረከራል።»

«ሥርዎ ማንም የለም ጋሼ። እኔ አይልዎታለሁ። ትንሽ ዝቅ ያድርጉት።»

ብረቱ ዝቅ አለ። «ይቁም።» ቆመ። «ዝቅ።» ዝቅ አለ። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሌላ ሰው ዓይን፣ ያን ሁሉ ብረት መሬት አስነካው። ብረቱ መሬት ሲነካ ሰዉ ሁሉ ተነፈሰ፤ እኔ አልተነፈስኩም፤ የኔ ሰው ገና እዚያ ላይ ነበር። ሁለት ልጆች የደህንነት ቀበቶ ይዘው ወጡ። ካቢኑ ውስጥ ጋደም አድርገው ማዞሩ እስኪያልፍለት ጠበቁት። ከዚያ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በመሰላሉ አወረዱት። በየእርምጃው ይቆማል። በቆመ ቁጥር እኔም እሞታለሁ። መሬት ሲደርስ አስታወከ፤ ቀና ብሎ አየኝና ያለው የመጀመሪያ ቃል «አንቺን ማን ጠራሽ?» ነው። ቀጥሎ «ያ መቀስ ምንድን ነው?» አለኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ቤት ገብተን ጋደም ካለ በኋላ እዚያ ላይ ምን እንደተሰማው ጠየቅሁት። ግድግዳውን እያየ ነው የነገረኝ። «መጀመሪያ ክሬኑ የሚወድቅ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ታች ሳይ ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆኑብኝ። አንዱን ሳድን ሌላውን የምመታው መሰለኝ። እጄን ከማንሻው ላይ አነሳሁ።» ፈርቶ ነበር ልጄ። አባትህ ፈርቶ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ግን ጥድፊያ የላትም። ግፊቱን አስተኝታም አስቁማም ለካች፤ ደም አስቀዳች፤ ጣቷን በዓይኑ አስከተለችው፤ እግር በእግር አስረገጠችው። የአንገት ሕመምና ማዞር አብረው ሲመጡ ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል አለችን። የአንገት አጥንትና ጡንቻ በሥራ ብዛት ሲጎዳ ለአንጎል የተሳሳተ መልእክት ይልካል፣ ያ ቀላሉ ነው። ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቅልን ነገር አለ፣ እሱ ሲዛነፍም እንዲህ ያደርጋል፣ እሱም ይታከማል። ግፊትም፣ ደም ማነስም፣ የሚዋጥ መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ጠበው ወይም ተሰንጥቀው ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም አለች። እኔ ከዚያ በፊት ያለችውን ሁሉ ረስቼ እሱን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

«አንድን ነገር ሁለት አድርገው አይተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችው።

«በጭራሽ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ስልክ ወዲህ እኔ ቃል አሳጥሬ አልናገርም። «ዶክተር፣ ክሬኑ ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲያይ ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆነውበት ነበር፤ ትናንት በገዛ አፉ ነው የነገረኝ» አልኳት። አባትህ በዓይኑ ሊውጠኝ ደረሰ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ስልክ አነሳች፤ የዚያኑ ሰዓት አንጎል የሚያነሳው ትልቅ ማሽን ውስጥ አስገቡት፤ አልጋም ሰጡት። ኋላ አንጎሉ ላይ ለጊዜው የሚያስፈራ ነገር የለም ብለው ወደ ቤት ለቀቁት። የአንገቱን የደም ሥር ግን ስፔሻሊስቱ አጣርቶ ማየት አለበት አሉ። ሰኞ ቀጥረውናል። እስከዚያ መሰላልም፣ መሪ መያዝም፣ አንገት ማሳጅ የሚሉትም ክልክል ነው። አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ፊቱ በአንድ ወገን ከዘነበለ፣ እጁ ከዛለ ወይም ሁለት ማየቱ ከተመለሰ አንዲት ደቂቃ ሳንቆይ እንድንመጣ ነግራናለች።

ስለዚህ በየጠዋቱ እመረምረዋለሁ። ገና ዓይኑን ሲገልጥ ረጅም ረጅም ነገር አናግረዋለሁ፤ «ፈገግ በል እስቲ» እለዋለሁ። ችግሩ ፈገግታው ድሮም ጠማማ ነው፤ የወደድኩት በሱ ነበር፣ አሁን ግን ጭንቅ ሆነብኝ። ትናንት ሊያበሽቀኝ አስቦ አፉን አጣሞ ተኮላተፈብኝ። የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ለቀቅሁት። ወለሉ ላይ ሲፈነዳ እሱም ደነገጠ፤ እጄን ይዞ «ቀልዴን ነው፣ ቀልዴን ነው» እያለ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

አሁን ደብዳቤ ጻፊ ወደተባልኩበት ልምጣ። ቶሎቶሎ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጥቶ ነበር። ደህና ሰው ነው፣ አረመኔ ያልኩትን ቃሌን አንስቻለሁ። ለአባትህ መሬት ላይ፣ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ሥራ እንደማይጠፋለት ነገረው። ቀጥሎ «ወንበሩን ለባዕድ ከምሰጥ ልጅህ የክሬን ፈቃዱ አለው አይደል? ይምጣና ይቀመጥበት» አለ። አባትህ ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ቀና ብሎ አላየሁትም። ያ ሁሉ ነገር በደረሰበት ቦታ፣ «ሰዎቹ ሁለት ሁለት ሆኑብኝ» ባለኝ ወንበር ላይ፣ አንተን ሊያስቀምጥ ተደስቶ ማደሩን ሳይ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበውን ዕቃ ደግሜ አጠብኩ። እንዲህ ያለው ወሬ በስልክ አይነገርም፣ ጻፊለት አለኝ።

አሁን ደግሞ ከወዲያ ክፍል ሬዲዮውን ቀንሶ ጠራኝ።

«ጨረስሽ?»

«ልጨርስ ነው።»

«ና አልሽው?»

«ብዬዋለሁ።»

«ቶሎ ይምጣ በይው፤ ወንበሩ ባዶ አይቆይም።»

ይኸው ብያለሁ። አባትህ ና ብሎሃል፣ ቶሎ ና ብሎሃል። ከመልእክቱ አንዲት ቃል አላጎደልኩም።

ልጄ፣ አትምጣ።

ከሄድክ ጀምሮ «መቼ ነው የምትመጣው?» ሳልልህ ስልክ ዘግቼ አላውቅም፤ አሁን አትምጣ የምልህ እኔው ነኝ። ያንን መሰላል አየሁት። እዚያ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ከፍታውን መልመድ ነው፤ ቀጥሎ የሚማረው ሕመሙን መደበቅ ነው። አንተ ገና መደበቅ አልተማርክም፤ ጉንፋን ሲይዝህ እንኳ በድምፅህ አውቅብሃለሁ። ብትመጣ እንደማልመልስህ ስለማውቅ ነው አስቀድሜ የምለምንህ። በር ላይ ሳይህ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ ሁሉንም እረሳዋለሁ፣ በማግስቱ ምሳህን ቋጥሬ ወደዚያ ብረት የምሸኝህም እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ ሥራ ለቅቄ መምጣት አልችልም በለው፤ በኔ ይናደድ፣ ባንተም ይናደድ። ሰኞ የሚሉን ነገር ምንም ይሁን ምን አትምጣ። ደህና ከሆነ አብረን እንነግርሃለን። ክፉ ከሆነ ብቻዬን እሰማዋለሁ።

ስትወጣ የሚያወጣህ፣ ስትገባ የሚያስገባህ አምላክ አይለይህ። እግርህ የረገጠው መሬት ይጽናልህ። ጓንትህን ልበስ።

የምትሳሳልህ
እናትህ